አሮጌ ቤት እንዴት ይሣላል? ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባሉ ያረጁ ቤቶች መነሻነት የቀረበ ሂስ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ ያልሰመረ ሥዕል ነው። ሥዕሉ የራሴ ስለሆነ ማንንም ሳላስቀይም ልተቸው እችላለሁ። ሙያዬ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር እንጂ ብሩሽ መያዝ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከተማሪነቴ ዘመን ጀምሮ ወረቀትና ውሃ ቀለም ይዞ ደጅ የመቀመጥ አመል አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ወር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ሐረጎን አልፎ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ኮረብታ ላይ አንድ ያረጀ ቤት አየሁ። የድሮ ባላባት ቤት ነው። ታችኛው ግድግዳ ድንጋይ፣ ላይኛው ጭቃ፣ ፊት ለፊቱ የእንጨት ሰገነት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ከማዶ ካለ ማሳ ዳር ሁለት ጧት ተቀምጬ ሣልሁት።

በሁለተኛው ቀን የቤቱ ባለቤት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዘራቸውን ይዘው መጡና ከኋላዬ ቆሙ። ሽማግሌ ናቸው።

«አባባ፣ እንዴት አዩት?» አልኳቸው፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው።

«ማሻአላህ፣ እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ግን ልጄ፣ ይኼ የማን ቤት ነው?»

«የእርስዎ ነዋ!»

«የኔማ ጎኑን ታሟል። ያቺን ሸራ ያለበስኩት እኔ ነኝ፤ አምና ሐምሌ፣ ዝናቡ እላዬ ላይ እየወረደ። እሷን ምን አደረግሃት?»

በእርግጥም ሸራዋን አውጥቻታለሁ። የጣራው ምሥራቃዊ ማዕዘን የሚያፈስ በመሆኑ ሰማያዊ የላስቲክ ሸራ ተጥሎበት፣ በድንጋይ ተጭኗል። ያ ሰማያዊ የሥዕሌን «ስምምነት» የሚያውክ መስሎ ስለታየኝ በቦታው ወጥ የሆነ ግራጫ ቆርቆሮ ቀባሁበት። የመብራቱን ምሰሶ ነቀልሁት። የረገፈውን ልስን መለሰስሁት። ይባስ ብዬ ከቤቱ በስተግራ የሌሉ ሦስት ባሕር ዛፎች ተከልሁ። በአጭሩ፣ በአንድ ስኒ ውሃና በአንዲት ብሩሽ ቤቱን አድሼው ቁጭ ብያለሁ። ሽማግሌው የጠየቁኝ ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አልሆነልኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ጥያቄ ከሥዕልና ከሥነ ጽሑፍ አንጻር መመርመር ነው።

ለመሆኑ ይህ ጉዳይ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍን ትምህርት ክፍል ምን ያገባዋል? የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ እንደሚመስለኝ በጣም ያገባዋል። መቼትን ስናስተምር ስለ ገለጻ እናወራለን፤ ገለጻ ደግሞ በቃል የሚሠራ ሥዕል ነው። ተማሪዎቼ በሚጽፏቸው አጫጭር ልብ ወለዶች ውስጥ የድሃ ቤት ሁልጊዜ «ደሳሳ ጎጆ» ነው። ገጸ ባሕርዩ ወሎም ይኑር ጎጃም፣ ቤቱ የሣርም ይሁን የቆርቆሮ፣ «ደሳሳ ጎጆ» ይባላል፣ ነገሩም ያልቃል። ባለጸጋ ከሆነ ደግሞ «ግዙፍ ሕንፃ» ውስጥ ይኖራል። ከተማሪዎቼ አልፎ በታተሙ ሥራዎችም ይኸው ይደጋገማል። «ደሳሳ ጎጆ» በቃላት ዓለም ውስጥ እንደ ፖስታ ካርድ ያለ ነገር ነው፤ የሚያሳየው የታየውን ቤት ሳይሆን አስቀድሞ የታወቀውን ነው። እኔም በወረቀቴ ላይ የሣልሁት ይህንኑ ነበረ፤ የኔው ጎጆ አልደሰሰም እንጂ።

የሚገርመው ግን ቋንቋው በዚህ ረገድ ድሃ አለመሆኑ ነው። አማርኛ ማርጀትን በአንድ ግስ ብቻ አይገልጽም፤ እያንዳንዱ ቁስ የየራሱ አረጃጀት አለው። ጨርቅ ይነትባል፤ ብረት ይዝጋል፤ እንጨት ይነቅዛል፣ ይበሰብሳል፤ ግድግዳ ይዘማል፣ ይሰነጠቃል፤ ልስን ይረግፋል፤ ነጭ የነበረ ነገር ይወይባል፤ ደማቅ የነበረ ይደበዝዛል። የሣር ክዳን ያረጀ እንደሆነ ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ ግን ጥላሸት ከተጠራቀመበት ከውስጠኛው ጣራ ጥቁረት የተለየ ነው። ጭቃው ሲራገፍ ማገሩ ይወጣል፤ ማገሩ የወጣ ግድግዳ የከሳ ከብት ጎን ይመስላል። እነዚህ ሁሉ ግሦች የቀለም ሳጥን ናቸው። ሠዓሊው አንዱን ቤት ከመጀመሩ በፊት የትኛው ክፍል ነተበ፣ የትኛው ዛገ፣ የትኛው ዘመመ ብሎ በአፉ ቢናገር ግማሹን ሥራ የጨረሰ ይመስለኛል። «አሮጌ» የሚለው ቅጽል ግን ሁሉንም በአንድ ቡናማ ይለቀልቀዋል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን የሥዕል ትውፊት አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ቀኑ ከታወቀ ጥንታዊ ባለ ሥዕል መጻሕፍታችን አንዱ የሆነው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ባለቤት ነው። መጽሐፉ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280/81 ሲሆን፣ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ የራሳቸው ሥዕልም አለበት። በጥንታዊ የኢትዮጵያ ወንጌሎች መግቢያ ላይ የሚገኙት የቀመር ሰንጠረዦች በዓምዶችና በቅስቶች ውስጥ የተዋቀሩ ናቸው፤ በሌላ አነጋገር መጽሐፉ የሚከፈተው በሕንፃ ነው፤ አንባቢው በበር እንደሚገባ ሰው በቅስቶቹ ሥር አልፎ ወደ ቃሉ ይደርሳል። ስለዚህ ሠዓሊዎቻችን ሕንፃ መሣል አያውቁም ነበር ማለት ፈጽሞ ስሕተት ነው። ነገር ግን ያ ሕንፃ አያረጅም። ዝናብ አይዘንብበትም። ዓምዱ ላይ ያለው ሐረግ ጌጥ እንጂ በስንጥቅ ውስጥ የበቀለ አረም አይደለም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የዚያ ሥዕል ዓላማ ጊዜን ማሳየት ሳይሆን ከጊዜ በላይ ያለውን ማሳየት ስለሆነ ነው። ያረጀ ቤትን እንዳረጀ መሣል ግን ሌላ ጥያቄ ነውና ከዚህ ውርስ ውስጥ የተዘጋጀ መልስ አናገኝለትም።

ያረጀውን እንዳረጀ መሣል የጀመሩት በአብዛኛው የውጭ ተጓዦች ናቸው። ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1809 ባሳተመው የ24 ሥዕሎች ስብስብ ውስጥ የአክሱምን ሐውልት አሳይቷል። ከእሱ በፊት ጀምስ ብሩስ ያቀረበውን የሐውልቱን ሥዕል ትክክል አይደለም ብሎ ነቅፎታልና፣ በአገራችን ጥንታዊ ሕንፃ ሥዕል ላይ በጽሑፍ ከቀረቡ ቀደምት ሂሶች አንዱ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ዮሐን ማርቲን በርናትስም ከሐሪስ መልእክተኞች ጋር እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 ሸዋ ቆይቶ ሥዕሎቹን በ1852 ለንደን ላይ አሳትሟል። የወሎ ነገር ሲነሣ ግን ከሁሉ የሚከብደኝ የመቅደላ ነው። ዛሬ በደቡብ ወሎ ውስጥ ያለችው መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ስትያዝና ስትቃጠል፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ፤ የለንደኑ ጋዜጣ ሠዓሊ ዊልያም ሲምሰንም ወደ ዘመቻው ተልኮ ነበር። መቅደላ ላይ የነበሩት ቤቶች ምን ይመስሉ እንደነበር ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው ካቃጠሏት ሰዎች ወገን በመጣ ዓይን ነው። ሥዕሎቹ ጥሩ አይደሉም አልልም፤ ሲምሰን እጀ ቀና ሠዓሊ ነው። ነገር ግን ከዚያ ተራራ ላይ የነበረ አንድ የደብተራ እጅ ያንኑ ቤት ሥሎት ቢሆን ኖሮ የቱን ክፍል አጉልቶ፣ የቱን አሳንሶ ያሳይ ነበር? የሚለውን ሳስብ ሁልጊዜ የሆነ ነገር እንደጎደለን ይሰማኛል።

አውሮፓውያን ፍርስራሽን እንደ አንድ ራሱን የቻለ የሥዕል ዘርፍ አሳድገውታል። ፈረንሳዊው ኡበር ሮቤር እ.ኤ.አ. በ1796 የሉቭርን ታላቅ አዳራሽ፣ ገና በቆመበት፣ እንደፈረሰ አድርጎ ሥሎታል። እንግሊዛዊው ኮንስተብል ሚስቱ በሞተች በዓመቱ፣ በ1829፣ የሀድሊን የፈረሰ ግንብ ሲሥል የግንቡ መሰንጠቅና የራሱ ሐዘን አንድ ሆነውበታል። እነዚህን ሥራዎች አደንቃለሁ። ይሁን እንጂ ስልታቸውን ወደ ወሎ ማሸጋገር እንደማይቻል መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከስሜት በፊት የቁሱ ጉዳይ አለ። ድንጋይ ሲፈርስ ከመሬት በላይ ይቆማል፤ ከመልክዓ ምድሩ ተለይቶ ሰማይ ላይ ጥርሱን ያሳያል። በደሴ ዙሪያ ያለ የጭቃ ቤት ግን ሲያረጅ አይቆምም፤ ወደመጣበት ይመለሳል። የግድግዳው አፈር ከጓሮው ተቆፍሮ፣ በጭድ ተቦክቶ የተሠራ ስለሆነ፣ ልስኑ በረገፈበት በኩል ቤቱና ማሳው አንድ ቀለም ናቸው። እኔ በመጀመሪያው ሥዕሌ ላይ ግድግዳውን ከእርሻው የሚለይ ቀለም ሰጥቼው ነበር። ስሕተቱ የገባኝ ኋላ ነው፤ ለማሳው የበጠበጥሁትን ቀለም ትንሽ አቅጥኜ ለግድግዳው ብጠቀምበት ኖሮ ቤቱ መሬቱ ላይ የተጣለ ሳይሆን ከመሬቱ የወጣ ይሆን ነበር።

ቆርቆሮው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ንጉሥ ሚካኤል ደሴን የወሎ መናገሻ ባደረጉበት ዘመን ቆርቆሮ የመኳንንት ክዳን ነበር፤ ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ ከዚያ በፊት ወሎ የገባ ቆርቆሮ ሁሉ በእንስሳት ጀርባ ተጭኖ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ያንን ክዳን የሚያይ ሰው «የዛገ ቆርቆሮ» ብሎ ያልፈዋል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ዝገት ሥርዓት አለው። በብረቱ ላይ የተለበጠው ዚንክ መጀመሪያ ብርሃኑን ያጣና አመድማ ይሆናል። ከዚያ ዝገቱ በምስማሩ ቀዳዳ ይጀምራል፤ ቀጥሎም አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ የተደረበበትን ጠርዝ ይይዛል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጠራቅሞ እርጥበት በሚይዝበት በኩል ይፈጥናል። ከምስማሩ ሥር ወደታች የሚወርደው ቀይ መስመር የዝናቡን መንገድ ያሳያል። በየዘመኑ የተተካው ቆርቆሮ በየራሱ ዕድሜ ስለሚዝግ፣ አንድ ጣራ ላይ አራትና አምስት ዓይነት ቀለም ይገኛል። ይህን ለለመደ ዓይን ጣራው እንደ ብራና ነው፤ የቱ ክፍል የመጀመሪያው ጸሐፊ እጅ እንደሆነ፣ የቱ ኋላ እንደተጨመረ ማንበብ ይቻላል። እኔ በወጥ ግራጫ ስቀባው ያደረግሁት፣ አንድ አርታዒ ሦስት የተለያዩ እጆች የጻፉበትን ብራና በአንድ እጅ ጽፎ ዋናውን እንደመጣል ያለ ነው። ለፊሎሎጂ ተማሪዎች የዚህን ክብደት ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አንድ ነገር በቅንፍ ያህል ልጨምር። ሠዓሊዎች «የተቃጠለ ሲየና» የሚሉት ቀይ ቡናማ ቀለም በተፈጥሮው የብረት ዝገት ያለበት አፈር ተቃጥሎ የሚገኝ ነው። የወሎ ቀይ አፈርም ቅላቱን የሚያገኘው ከብረት ነው። ስለዚህ ቆርቆሮውም፣ ግድግዳውም፣ ሠዓሊው የሚቀባበት ቀለምም የአንድ ነገር ዘመዶች ናቸው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የቀለም ሳጥኔን በሌላ ዓይን ማየት ጀምሬአለሁ።

ስለ ደሴ ያረጁ ሕንፃዎች ተነሥቶ አይጠየፍን አለማንሳት አይቻልም። በግንቦት 1906 ዓ.ም. በደሴ ዘውድ የጫኑት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ይህ የግብር አዳራሽ፣ ስሙ ራሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ክርስቲያኑንም እስላሙንም፣ ጌታውንም ድሃውንም ሳይጠየፍ የሚያስተናግድ በመሆኑ ይህን ስም እንዳገኘ ይነገራል። አዳራሹ በድግስ ድምቀት የኖረበት ዘመን ግን አጭር ነው፤ ንጉሡ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፤ በኋላም በእስር እንዳሉ ሞቱ። አይጠየፍን የሚያሳዩ ሥዕሎች በየሆቴሉ ግድግዳና በየቢሮው አይቻለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል ከውጭ፣ ከፊት ለፊት፣ ሰው በሌለበት የተሣሉ ናቸው። እኔ እዚህ ላይ ከሠዓሊዎቹ ጋር አልስማማም። አይጠየፍ ከውጭ ሲታይ አንድ ሰፊ ክዳን ያለው ቤት ነው፤ ጎንደርን ለለመደ ዓይን የሚያስደንቅ ግንብ የለውም። ትርጉሙ ያለው ከውስጥ፣ በስፋቱ ነው፤ ስፋቱ ደግሞ የሚታወቀው በሰው ነው። ሰው የሌለበት አይጠየፍ ሥዕል ሣህኑን ትቶ ክዳኑን እንደማቅረብ ይሆንብኛል።

ሰው ስል ግን ተጓዦቹ እንደሚያደርጉት ለመጠን ማሳያ ከሐውልት ሥር የሚቆመውን ትንሽ ሰው ማለቴ አይደለም። በዚህ ረገድ ከወሎ የፈለቀ አንድ ሠዓሊ የተጓዘበት መንገድ ያስተምረናል ብዬ አምናለሁ። ወልድያ የተወለደውና በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ያስተማረው ታደሰ መስፍን፣ «የሕይወት ምሰሶዎች» በሚሉት ተከታታይ ሥራዎቹ የሚሥለው ቤት ሳይሆን የገበያ ሴቶችን ነው። ሴቶቹ ግን ቀጥ ብለው፣ ከብደው፣ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ምሰሶው እነሱ ናቸው። ሥራዎቹን ባየሁ ቁጥር ቤቱ ወዴት ሄደ? ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱም ቤቱ ወደ ሰዎቹ ገብቷል የሚል ይመስለኛል። ይህ ያረጀ ቤትን ለሚሥል ሰው የተገላቢጦሽ ትምህርት ይሆነዋል። ሰውን እንደ ምሰሶ ማቆም ከተቻለ፣ ምሰሶንም እንደ ሰው ማየት ይቻላል። ሽማግሌው ስለ ቤታቸው «ጎኑን ታሟል» ሲሉኝ ያሳዩኝ ይህንኑ ነው፤ ዘይቤያዊ አነጋገር ነው ብዬ ልተነትነው እችል ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ዘይቤ አልተናገሩትም።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ልግባ። አንድ ጊዜ በክፍል ውስጥ ስለነዚህ ጉዳዮች ስናገር፣ አንዲት ከኩታበር የመጣች ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ ድህነታችንን ለምን ይሥሉታል?» አለችኝ። ክፍሉ ዝም አለ። ጥያቄዋን ቀላል አድርጎ ማለፍ ለኔ አይቻለኝም ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም በ1977 ዓ.ም. በደረሱት ረሃቦች የወሎ ምስል በዓለም ዙሪያ ተሠራጭቷል። የወሎን ሕዝብ የማያውቅ ሰው ሁሉ ወሎን በአንድ ዓይነት ሥዕል አውቋታል። ከዚያ ወዲህ የዘመመ ግድግዳና የዛገ ቆርቆሮ በሥዕል ማቅረብ፣ ለወሎዬ ልጅ፣ ያንኑ ምስል በሌላ ቀለም መድገም ሊመስል ይችላል። እንግሊዛዊው ሐያሲ ጆን ረስኪን እ.ኤ.አ. በ1849 ባሳተመው «የሥነ ሕንፃ ሰባቱ መብራቶች» በተሰኘው መጽሐፉ፣ የሕንፃ ታላቅ ክብር በዕድሜው ነው፤ ማደስ የሚባለውም ሐሰት ነው የሚል አቋም ይዟል። ሐሳቡ ያማልላል። ነገር ግን ረስኪን የሚያወራው በአመዛኙ ስለ ካቴድራልና ስለ ግንብ ነው፤ ከሥሩ የሚያድር ቤተሰብ ስለሌለው ሕንፃ። የኔ ሽማግሌ ግን ከዚያ ጣራ ሥር ያድራሉ። ዝናብ የሚያፈስበት ማዕዘን ለኔ «ዕድሜ» ሲሆን ለሳቸው ሐምሌ ነው።

ታዲያ ተማሪዋ ልክ ነበረች ማለት ነው? በከፊል። ያረጀውን ቤት አሳምሮ፣ አሳዝኖ፣ በጀምበር መጥለቂያ ወርቃማ ብርሃን አስውቦ መሣልን ከሆነ የተቃወመችው፣ አብሬያት እቆማለሁ። ያ ሥዕል ለቱሪስት የሚሸጥ ለቅሶ ነው። ነገር ግን የኔ የመጀመሪያ ሥዕል ያደረገው ተቃራኒውን ነው፤ ድህነቱን ደበቀ። ሽማግሌው የተቆጡት ድህነታቸው በመታየቱ አይደለም፤ ሥራቸው ባለመታየቱ ነው። ሸራዋ የድህነት ምልክት ብቻ ሳትሆን አንድ ሽማግሌ በዝናብ ጣራ ላይ ወጥተው ቤታቸውን ያዳኑባት ናት። ማርጀትን ከመጠገን ነጥሎ የሚያይ ዓይን ነው እንግዲህ ሁለቱንም ስሕተቶች የሚፈጽመው፤ አንዱ መጠገኛውን አጥፍቶ ቤቱን አዲስ ያደርገዋል፤ ሌላው መጠገኛውን አጥፍቶ ቤቱን ፍርስራሽ ያደርገዋል። ተማሪዋ በዚህ መልሴ የረካች አልመሰለኝም፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልረካሁም።

«በእጃችን ስልክ እያለ ሥዕል ለምን?» የሚለውም ተደጋግሞ ይነሣል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተቀጣጠለበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ፣ በኬኔት ክላርክ አነሣሽነት «ብሪታንያን መመዝገብ» የተባለ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ካሜራ ባልጠፋበት አገርና ዘመን 97 ሠዓሊዎች በየገጠሩ እየዞሩ በቦምብም ሆነ በአዲስ ግንባታ ሊጠፉ የሚችሉ ቤቶችን፣ ድልድዮችን፣ ቤተ ክርስቲያናትን በውሃ ቀለም ሣሉ። ከ1,500 በላይ ሥራዎች ተሰብስበው ዛሬ በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። ደሴም የቦምብን ነገር ታውቀዋለች፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ሲደበድቧት በከተማዋ የነበሩት የውጭ ጋዜጠኞች ናቸው ወሬውንና ፎቶግራፉን ለዓለም ያደረሱት። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜም፣ ቀድሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ ያለው የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። እኛ ዘንድ ከጥፋት በፊት የመጣ ሠዓሊ እምብዛም የለም። ስልክ ለመረጃ ይበቃል፤ አልክድም። ነገር ግን በስልክ ያንን ቤት ባነሣው ኖሮ በአንድ ደቂቃ ጨርሼ መንገዴን እቀጥል ነበር። ሁለት ጧት ስለተቀመጥሁ ነው ባለቤቱ የመጡት፤ ስለመጡም ነው ሸራዋ የማን እጅ እንደሆነች ያወቅሁት።

ስለ መስጊዶቹም ጥቂት ማለት ይገባል። እንደ ጃማ ንጉሥና እንደ ገታ ያሉ የወሎ ታላላቅ የእስልምና ማዕከላት፣ ወደ ምሥራቅ ዝቅ ሲባልም እንደ ሾንኬ ያሉ በኮረብታ ጫፍ የተገጠገጡ የአርጎባ የድንጋይ መንደሮች ለሠዓሊ የሚያጓጉ ናቸው። ነገር ግን እዚያ ወረቀት ዘርግቶ ከመቀመጥ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለጨዋነት ብቻም አይደለም። የነዚህ ቦታዎች ክብር በምስል ሳይሆን በቃል ሲወርድ የኖረ ነው፤ መንዙማው ስለ ቦታውና ስለ ሸኹ የሚለው፣ ሥዕል ሊደርስበት የማይችል ብዙ ነገር ይዟል። መንዙማ ውስጥ ያለውን የቦታ ገለጻ ለብቻው ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ ቢገኝ ለትምህርት ክፍላችን ጥሩ የመመረቂያ ርእስ ይሆነዋል።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ወደዚያው ኮረብታ ተመለስሁ። በዚህ ጊዜ ሁሉንም ለመሣል ቆርጬ ነበር። ማሳውንና ግድግዳውን ከአንድ በጥባጭ አወጣሁ። ጣራውን ቆርቆሮ በቆርቆሮ፣ ምስማር በምስማር ተከተልሁት። የመብራቱን ምሰሶ መለስሁት፤ ባሕር ዛፎቹን አልተከልሁም። ያስቸገረኝ የሸራዋ ሰማያዊ ነበር። በዚያ ሁሉ ቀይና ቡናማ መካከል ብቸኛው ቀዝቃዛ ቀለም እሱ ስለሆነ ዓይንን ሁሉ ወደራሱ ይስባል፤ ቤቱ የሸራዋ ጌጥ እስኪመስል ድረስ። እንዳለ ልተወው ወይስ ላደብዝዘው? ማደብዘዝ መዋሸት ነው፤ አለማደብዘዝ ደግሞ ከመቶ ዓመት ግድግዳ ይልቅ ለአንድ ክረምት ላስቲክ መመስከር። በመጨረሻ ግማሽ መንገድ ሄጄ፣ ጠርዟን አቧራ አልብሼ፣ መሐሏን ተውሁት። ዛሬም ልክ መሆኔን እርግጠኛ አይደለሁም። ቆርቆሮ ተከትዬ ምስማር ስቆጥር ሸራዋን የሣልኋት ከዓምናው ንድፌ ላይ እንደነበረ፣ ወደ ማዕዘኑ ቀና ብዬ በቅጡ እንዳላየሁ ያወቅሁት ሽማግሌው ሲመጡ ነው።

ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ራቅ አድርገው ተመለከቱት።

«አዎ፣ ይቺ የኔ ናት» አሉ። «ሸራዬንም አመጣሃት። አብሽር፣ ተማርክ።» ቀጥለው ሳቁና፣ «ግን ዘገየህ፣ ልጄ» ብለው በከዘራቸው ወደ ጣራው አመለከቱኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። በምሥራቁ ማዕዘን ሸራዋ የለችም። ልጃቸው ከኮምቦልቻ ገዝቶ ያመጣት አንዲት አዲስ ቆርቆሮ ተመትታለች፤ በጧቷ ፀሐይ ዓይን ትወጋለች።